ጦር ሜዳንና የወደቁትን መቃብር መጎብኘት ለአማኝ ይገባልን?



የዚህን ጽሑፍ ጥያቄ ያቀረቡልኝ አንዲት እናት ናቸው። ጊዜው የ2014 ዓ.ም. ግንቦት ነበር፤ እኔም በሸዋ ሮቢት አገለግል ነበር። እኚህ እናት ከሆሳዕና አካባቢ በአውቶብስ ተጉዘው፣ ከታናሽ ወንድማቸው ጋር እሁድ ጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያናችን መጡ። ከአምልኮው በኋላ ቀርበው ልጃቸው ወታደር እንደ ነበረና በዚያው ዓመት በኅዳር ወር በይፋት ቆላ በተደረገው ውጊያ እንደ ወደቀ ነገሩኝ። ይህን የሰሙት አብሮት ተሰልፎ ከቆሰለ ጓደኛው ነው። ጓደኛው ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ አንድ አካባቢ ጠርቶላቸዋል፤ ከዚያ በላይ የሚያውቁት ነገር አልነበረም።

«ፓስተር፣ ልጄ የወደቀበትን ሄጄ ባይ ኃጢአት ይሆንብኛል? መቃብር ማየት የእኛ ሥርዓት አይደለም ብለውኛል» አሉኝ።

እኔም ሳላስብ ፈጥኜ መለስሁ። «እማማ፣ ልጅዎ ጌታን ያውቅ ከነበረ ነፍሱ በጌታ ዘንድ ናት። እዚያ ያለው አፈር ነው፤ ምን ያደርግልዎታል?» አልኋቸው። የተናገርሁት ከትምህርታችን ውጭ አልነበረም። እርሳቸው ግን አንዳች ሳይመልሱ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። እውነት የሆነውን ቃል ያለ ቦታው ተናግሬ ያዘነችን እናት እንደ ገፋሁ ገባኝ። በማግስቱ ወዳረፉበት ቤት ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋቸው፤ አብረንም ለመሄድ ተስማማን። ወደዚያ ጉዞ በኋላ እመለሳለሁ። አስቀድመን ግን ጥያቄውን በእግዚአብሔር ቃል ፊት እናቅርበው።

ጥያቄው ለምን ከበደን?

እኛ ወንጌላውያን ለሙታን ፍትሐት አናደርግም፤ ተዝካር አናወጣም። ሰው አንድ ጊዜ እንዲሞት ከዚያም በኋላ ፍርድ እንዳለ ቃሉ ስለሚያስተምር (ዕብ 9፥27)፣ ከሞት በኋላ የሰውን ዕጣ በጸሎታችን እንለውጣለን ብለን አናምንም። ይህ ትምህርት መሠረታዊ ነው፤ ልንሸራርፈውም አይገባም። በሌላ በኩል በብዙ የአገራችን ክፍሎች የቀደሙት አማኞች የመቃብር ቦታ ተከልክለው ሬሳ ተሸክመው ተንከራትተዋል። ከዚህም የተነሳ መቃብርን ብዙ ባናስበው ይሻላል የሚል ልማድ በመካከላችን ሰርጾ ቀርቷል።

ነገር ግን ለሙታን የመጸለይን በር ስንዘጋ፣ ሳናውቀው የሐዘንንም በር አብረን የዘጋንበት ጊዜ አለ። ለቅሶ ቤት ሄደን ሁለት ቀን እንዘምራለን፤ በሦስተኛው ቀን ያዘነው ሰው እንባውን እንዲጠርግ እንጠብቃለን። የወታደር ቤተሰብ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይብሳል። አስከሬን የለም፤ የቀብር ቀን የለም፤ ሄደው የሚያዩት የአፈር ጉብታ የለም። ኦርቶዶክሱ ጎረቤታችን ለአርባውና ለሰማንያው ይሰበሰባል፤ ሙስሊሙ ጎረቤታችን መቃብር ሄዶ ዱዓ ያደርጋል። የእኛዋ እናት ግን «ጌታ ይመስገን በይ» ተብላ ብቻዋን ትቀራለች። በጓዳዋ የምታለቅሰውን ማን ያያል?

ቃሉ ምን ያሳየናል?

1. ያዕቆብ። ራሔል በመንገድ ላይ ስትሞት ያዕቆብ በመቃብርዋ ላይ ሐውልት አቆመ (ዘፍ 35፥19-20)። መንገደኛ ነበር፤ ነገር ግን ሚስቱ የተቀበረችበት ቦታ ሳይታወቅ እንዲቀር አልፈለገም።

2. የኢያቢስ ገለዓድ ሰዎች። ሳኦልና ልጆቹ በጊልቦዓ በጦርነት ሲወድቁ ፍልስጥኤማውያን ሬሳቸውን በቤትሳን ቅጥር ላይ ሰቀሉ። ኃያላኑ የኢያቢስ ሰዎች ሌሊቱን ሁሉ ተጉዘው አወረዱአቸው፤ ቀበሩአቸውም፤ ሰባት ቀንም ጾሙ (1 ሳሙ 31፥11-13)። ዳዊትም ይህን በሰማ ጊዜ ቸርነት ስላደረጉ ባረካቸው (2 ሳሙ 2፥4-6)። ልብ በሉ፤ ሳኦል ዳዊትን ሊገድለው ያሳድደው የነበረ ሰው ነው።

3. ሪጽፋ። ሁለት ልጆችዋ ከሌሎች አምስት ጋር በተገደሉ ጊዜ ማቅ በዓለት ላይ ዘርግታ፣ ከመከር መጀመሪያ ዝናብ እስኪዘንብ ድረስ ቀን ወፎችን፣ ሌሊት አራዊትን ከሬሳዎቹ ትከላከል ነበር (2 ሳሙ 21፥10)። አንድም ቃል ስትናገር አልተጻፈም። ንጉሡ ያደረገችውን ሲሰማ የሳኦልንና የዮናታንን አጥንት፣ የተገደሉትንም አጥንት አሰብስቦ በክብር እንዲቀበሩ አደረገ። ከዚያም በኋላ እግዚአብሔር ስለ ምድሪቱ የተለመነውን እንደ ሰማ ቃሉ ይናገራል (21፥14)።

4. ጌታችን ራሱ። አልዓዛርን ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እንደሚያስነሣው እያወቀ፣ ጌታ ኢየሱስ ወዴት እንዳኖሩት ጠየቀ፤ ወደ መቃብሩ ሄደ፤ አለቀሰም (ዮሐ 11፥33-38)። ከእርሱ የበለጠ የትንሣኤ ተስፋ ያለው ማን ነው? እኔ ለዚያች እናት «እዚያ ያለው አፈር ነው» ስል፣ ጌታዬ ግን ቦታውን ጠይቆ አብሮ የሚሄድ ነው።

ሐዋርያው ጳውሎስም በ1 ተሰሎንቄ 4፥13 ላይ የሚያርመው ተስፋ የሌለውን ሐዘን ነው። ማዘንን ራሱን አልከለከለም። ስለዚህ የወደቀ ሰው ያረፈበትን ቦታ ማየት በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ እንዲያውም በቃሉ ውስጥ እንደ ቸርነት ተቆጥሯል።

ይፋትና የወደቁት

ሸዋ ሮቢት የምትገኘው ከጣርማ በርና ከደብረ ሲና ቁልቁል ሲወረድ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ማሽላ፣ ማሾና ሽንኩርት የሚበቅልበት ሙቅ ቆላ ነው። አማራ፣ አርጎባ፣ ኦሮሞና አፋር ገበያ የሚገናኙበት አገር ነው። ደጋውንና ቆላውን፣ ሰሜኑንና መሐሉን የሚያገናኝ መንገድ ስለሆነም ጦር ያልተመላለሰበት ዘመን ጥቂት ነው።

በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የይፋት ሱልጣኔት መቀመጫ በዚህ አካባቢ ነበር። በ1332 እ.ኤ.አ. ዓፄ ዓምደ ጽዮን ከይፋቱ ገዥ ከሰብረዲን ጋር ያደረጉት ጦርነት በንጉሡ ዜና መዋዕል ተጽፏል። በቅርብ ዓመታት ፈረንሳውያን የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች የዚያን ዘመን ከተሞች ፍርስራሽ፣ መስጊዶችና የወላስማ ገዢዎችን መቃብር በዚሁ ቆላ አጥንተዋል።

በጣሊያን ወረራ ጊዜም ማርሻል ባዶሊዮ ጦሩን በመኪና ጭኖ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የገሠገሠው በዚሁ አቅጣጫ ነው። በጣርማ በር መንገዱ ተቆርጦበት ቆመ፤ አስጠግኖም አለፈና ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ በኋላ ራስ አበበ አረጋይና ሌሎች የሸዋ አርበኞች በእነዚህ ተራሮችና ገደሎች አምስት ዓመት ተዋጉ። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. ደግሞ በመንዝ፣ ዘረት በሚባለው ስፍራ፣ ከአርበኞቹ ጋር ቁስለኞች፣ ሴቶችና ሕፃናት የተጠለሉበትን ዋሻ የጣሊያን ጦር በመርዝ ጋዝ አጠቃ፤ እጃቸውን የሰጡ ብዙዎችም ተረሸኑ። ይህን ታሪክ ለዓለም በሰነድ አስደግፎ ያቀረበው ጣሊያናዊው ተመራማሪ ማቴዮ ዶሚኒዮኒ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. ወደ ዋሻው ሄዶ የሟቾቹን አጥንት አይቷል። የገዳዮቹ አገር ልጅ ወደ ሟቾቹ ማረፊያ መጥቶ እውነቱን መጻፉ ለእኔ ትልቅ ትምህርት ነው። የሌላውን መቃብር ማየት ወደ ንስሐም ሊያደርስ ይችላልና።

የቅርቡ ቁስል ደግሞ ገና አልጠገገም። በ2013 ዓ.ም. የበልግ ወራት በአጣዬና በሸዋ ሮቢት አካባቢ በተነሣው ግጭት ብዙ ሰው ሞተ፤ ቤትም ተቃጠለ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የትግራይ ኃይሎች በደሴ መንገድ ወርደው ሸዋ ሮቢትን ያዙ፤ እስከ ደብረ ሲና አካባቢም ደረሱ። መንግሥት ከተማይቱን መልሶ መያዙን ኅዳር 22 ቀን አስታወቀ። የፕሪቶሪያው ስምምነት የተፈረመው ከዓመት ገደማ በኋላ፣ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ደግሞ በትግራይ ለወደቁት ታጋዮች የሦስት ቀን ሐዘን ታወጀ፤ ብዙ እናቶች የልጆቻቸውን ሞት በይፋ የሰሙት ያን ጊዜ ነው። ከሆሳዕና የመጣችው እናትና በትግራይ ድንኳን የተቀመጠችው እናት ልጆች በአንድ የማሽላ ማሳ ውስጥ ተኝተው ሊሆን ይችላል።

ሌሎች የወደቁትን እንዴት ያስባሉ?

ከራሳችን ታሪክ ብንነሣ፣ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ሠራዊት አንድም ምርኮኛ፣ አንድም አስከሬን በጠላት እጅ አለመተዉ እስከ ዛሬ ይነገርለታል። ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን በዚያ ጦርነት ወድቀዋል። ኮሪያውያን ዛሬም በቹንቾን ከተማ ባቆሙላቸው መታሰቢያ ያስቡአቸዋል። የዓድዋን ድል ለማሰብ ከአዲስ አበባ እስከ ዓድዋ በእግር የተጓዙ ወጣቶችም አሉ። ያ ሜዳ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ብዙ ሺህ ሰው የወደቀበት ነው።

በአዲስ አበባ ጉለሌ ውስጥ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጣሊያንን ለማስወጣት በተደረገው ዘመቻ የሞቱ የእንግሊዝና የተባባሪዎቿ ወታደሮች መካነ መቃብር አለ። የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ተማሪ ሳለሁ አንድ ጊዜ ገብቼ አይቼዋለሁ። ይህን መካነ መቃብር የሚያስተዳድረው ኮሚሽን በ1917 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም የያዘው መመሪያ በማዕረግና በሃይማኖት ሳይለዩ ሁሉንም እኩል ማክበር ነበር። የጄኔራሉም የተራ ወታደሩም ድንጋይ አንድ ዓይነት ነው። ሞት ባለማዕረጉንና ተራውን እኩል እንደሚያደርግ ይህ በዓይን የሚታይ ስብከት ነው።

ዓለም አቀፉ ሕግም ዝም አላለም። የ1949 እ.ኤ.አ. የጄኔቫ ስምምነት ተዋጊ ወገኖች ሙታንን እንዲፈልጉ፣ ማንነታቸውን እንዲመዘግቡ፣ የሚቻል ሲሆን በሃይማኖታቸው ሥርዓት በክብር እንዲቀብሩ፣ መቃብራቸውንም ምልክት አድርገው እንዲጠብቁ ያዛል። ይህም የጠላትን ወታደር ይጨምራል። የኢያቢስ ሰዎች በፈቃዳቸው ያደረጉት ቸርነት ዛሬ መንግሥታት የፈረሙበት ግዴታ ሆኗል ማለት ነው።

ልንጠነቀቅባቸው የሚገቡ ሦስት ነገሮች

የመጀመሪያው ሙታንን መጥራት ነው። ቃሉ ሙታንን መሳብና መጠየቅን አጥብቆ ይከለክላል (ዘዳ 18፥10-12)። መቃብር ላይ ቆመን ከሟቹ ጋር አንነጋገርም፤ ስለ እኛ እንዲለምን አንጠይቅም፤ ነፍሱን በጸሎታችን ከቦታ ወደ ቦታ እናሻግራለን አንልም። ጸሎታችን ለሕያዋን ነው።

ሁለተኛው መስዋዕትነትንና መዳንን ማደባለቅ ነው። ወታደር ለወገኑ ነፍሱን ሲሰጥ እናከብረዋለን። ነገር ግን ስለ አገር መሞት ኃጢአትን አያስተሰርይም፤ ይህን ያደረገ የክርስቶስ ደም ብቻ ነው። በቀብርና በመታሰቢያ ላይ የምንናገር አገልጋዮች እዚህ ላይ እንጠንቀቅ። የማናውቀውን ሰው ነፍስ ወደ ሰማይም ወደ ሲኦልም የመላክ ሥልጣን አልተሰጠንም። ፍርዱን የምድር ሁሉ ፈራጅ ለሆነው እንተውለት።

ሦስተኛውና ዛሬ በአገራችን የሚያስፈራኝ በቀል ነው። መቃብር ሐዘንን የሚያበርድ ስፍራ መሆን ሲገባው ቂም የሚቀጣጠልበት ሊሆን ይችላል። አባት ልጁን አፈሩ ላይ አቁሞ «ደሙን መልስ» ካለው፣ ሌላ መቃብር እየቆፈረ ነው። ዳዊት ግን ስለ ሳኦል ልብሱን ቀደደ፤ ጾመ፤ የሐዘን ቅኔም ተቀኘ (2 ሳሙ 1)። ጠላቱ ስለ ወደቀ አልጨፈረም። እኛስ የሌላው ወገን ልጅ መውደቁን ስንሰማ ምን አደረግን? በስልካችን ምን ጻፍን? ምን ተቀባበልን? እያንዳንዳችን ራሳችንን እንመርምር።

ያ ጉዞ

አሁን ወደ እናቲቱ ልመለስ። ሰኞ ረፋድ ላይ ከከተማው ወጥተን በባጃጅ፣ ከዚያም በእግር ሄድን። ፀሐዩ ከባድ ነበር። አንድ አዛውንት ገበሬ አገኘንና የመጣንበትን ነገርናቸው። ሙስሊም ናቸው። ዘንጋቸውን ይዘው ቀደም ቀደም እያሉ ወሰዱን፤ ከአንድ ግራር ሥር ደርሰው ድንጋይ የተከመረባቸውን አምስት ወይም ስድስት ቦታዎች አሳዩን።

«እኛ ነን የቀበርናቸው» አሉ። «ማን ማን እንደሆነ አላወቅንም። አንዳንዱ ከዚህኛው ወገን ነው፤ አንዳንዱ ከዚያኛው። ሁሉም የእናት ልጅ ነው ብለን አፈር አለበስናቸው።»

እናቲቱ የትኛው እንደሆነ አልጠየቁም። ቢጠይቁም የሚመልስላቸው አልነበረም። ከግራሩ ሥር መሬት ላይ ተቀመጡና ለረጅም ጊዜ አለቀሱ። እኔም ምንም አልተናገርሁም፤ በዚያ ቀን ከሠራሁት ሁሉ ትክክለኛው ዝምታዬ ይመስለኛል። ሲበቃቸው በሐድይኛ ዘመሩ። ቋንቋውን አላውቅም፤ የጌታን ስም ግን ሰማሁ። ከዚያ ዮሐንስ 11ን አነበብሁላቸው። «እንጸልይ» ስላቸው አስቀድመው የጸለዩት እርሳቸው ናቸው። እግዚአብሔርን ስለ ልጃቸው ዕድሜ አመሰገኑ፤ ቀጥለውም በሌሎቹ ድንጋዮች ሥር ስላሉት ልጆች እናቶች ጸለዩ፤ «እነርሱም እንደ እኔ እየፈለጉ ነው፤ አንተ አጽናናቸው» አሉ። እኔ ይህን እንዲጸልዩ አላስተማርኋቸውም።

ስንለያይ አዛውንቱ «አላህ ሶብሩን ይስጥዎት» አሏቸው። እናቲቱም እጃቸውን ስመው «ልጄን ስለ ቀበሩልኝ እግዚአብሔር ይባርክዎት» አሉ። ወደ ከተማ ስንመለስ መንገድ ላይ ቡና ጠጡ፤ ዳቦም ቀመሱ። ወንድማቸው በጆሮዬ «ከኅዳር ወዲህ እንዲህ ሲበሉ አላየኋቸውም» አለኝ።

መሄድ ለምታስቡ

እንዲህ ላለ ጉዞ የምትነሡ ወገኖች የሚከተሉትን አስቡ።

– የአካባቢውን ሰላም አስቀድማችሁ አጣሩ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ሌላ ግጭት መቀስቀሱን አትርሱ። ቀበሌውንና የአገር ሽማግሌዎችን ሳታማክሩ፣ ብቻችሁንም አትሂዱ። መንገዱ አደገኛ ከሆነ መቆየት እምነት ማጣት አይደለም።

– ውጊያ በነበረበት መሬት ያልፈነዳ ቦምብና ጥይት ሊኖር ይችላል። ሰው ከሚመላለስበት መንገድ አትውጡ፤ የወደቀ ብረት አታንሡ፤ ልጆችን አትልቀቁ። ያያችሁትን ለፖሊስ ወይም ለሚሊሻ ተናገሩ።

– አጥንት ወይም ልብስ ብታዩ አትንኩ፤ ፎቶም አታንሡ። ለሌላው ቤተሰብ ማንነቱን የሚያውቅበት ብቸኛ ምልክት ሊሆን ይችላል። ለአስተዳደሩ አመልክቱ።

– መሬቱ የገበሬ ማሳ ነው። ፈቃድ ጠይቁ፤ ሰብል አትርገጡ፤ የአገሩን ሰው ልማድ አክብሩ።

– እዚያ ስትደርሱ አትቸኩሉ። አልቅሱ፤ ቃሉን አንብቡ (መዝ 90፤ ዮሐ 11፤ 1 ቆሮ 15)፤ ስለ ቀሩት ቤተሰቦችና ስለ ምድሪቱ ሰላም ጸልዩ።

– መሄድ የማይችሉ ብዙዎች ናቸው። ለእነርሱ በቤታቸው ወይም በቤተ ክርስቲያን የመታሰቢያ ጸሎት ይደረግላቸው። የልጃቸው ስም በጉባኤ ይጠራ። መቃብሩ ባይታወቅ እንኳ ስሙ ይታወቃልና።

የቤተ ክርስቲያን ድርሻ

ቅዱሳን ሆይ፣ በየአጥቢያችን በጦርነት የወደቁ ልጆች ያሏቸው ስንት ቤተሰቦች እንዳሉ እናውቃለን? የሽማግሌዎች ጉባኤ ስማቸውን መዝግቦ ይያዝ። ከዓመት አንድ ጊዜ ቤታቸው ይጠየቅ። ባል የሞተባትን ሴትና አባት ያጣውን ልጅ መጠየቅ በእግዚአብሔር ፊት ንጹሕ አምልኮ ነው (ያዕ 1፥27)። የአጥቢያችን ሰው ከየትኛው ወገን ተሰልፎ እንደ ወደቀ ሳንመረምር እናድርገው። የይፋቱ ገበሬ አልመረመሩም።

አንድ ቀን ጌታ በታላቅ ድምፅ ሲመጣ በክርስቶስ የሞቱት ይነሣሉ (1 ተሰ 4፥16)። ምልክት የሌለው መቃብር ለእርሱ አይጠፋበትም፤ በግራር ሥር ያለውንም፣ በዋሻ ያለውንም ያውቀዋል። እስከዚያ ቀን ድረስ ከሚያለቅሱት ጋር እንድናለቅስ ታዘናል (ሮሜ 12፥15)። እናት «ልጄ የወደቀበትን ልይ?» ብላ ብትጠይቃችሁ፣ እንደ እኔ አትቸኩሉ። «የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁና አብራችሁ ሂዱ።

የሰላም አምላክ ምድራችንን ይፈውስ። አሜን።